በረዶው ሲሸሽ፦ ስለ አርክቲክ የባሕር አጥቢዎች በስህተት የምናምናቸው ነገሮች

የአርክቲክ የባሕር በረዶ ከ1979 ጀምሮ በሳተላይት ይለካል። በመስከረም 2012 ከምንጊዜውም በታች ወርዶ 3.4 ሚሊዮን ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ቀርቶ ነበር። ስለ እንስሳቱ ግን ብዙ የተዛባ ወሬ አለ።

«የዋልታ ድብ ዋናተኛ ነው፤ ምን ይሆናል?»

መዋኘቱንስ ይችልበታል። በ2008 ከአላስካ በስተሰሜን ባለው በቦፎርት ባሕር መከታተያ የታሰረላት አንዲት ድብ 9 ቀን ሙሉ ዋኝታ 687 ኪሎ ሜትር ሄዳለች። ሰው ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆመዋል። ከሁለት ወር ገደማ በኋላ እንደገና ስትያዝ ክብደቷ በ22 በመቶ ቀንሶ ነበር። ግልገሏም አብሯት አልነበረም። ደግሞም ድብ ዋና ምግቡ የሆኑትን ሲሎች (ዓሣ የሚበሉ የባሕር አጥቢዎች) በአብዛኛው የሚይዘው እየዋኘ አይደለም። በረዶው ላይ፣ ብቅ ብለው በሚተነፍሱበት ቀዳዳ አጠገብ አድፍጦ ነው።

«ዋልረሶች ዳርቻውን ከሞሉት በዝተዋል ማለት ነው»

በ2014 አላስካ ውስጥ ፖይንት ሌይ አካባቢ 35,000 ያህል ዋልረሶች (ረጃጅም ጥርስ ያላቸው ግዙፍ የባሕር አጥቢዎች) ዳርቻ ላይ ተኮልኩለው ታዩ። ፎቶው ጉድ ያሰኛል፤ ግን የምቾት ምልክት አልነበረም። እናቶቹ ጥልቀት በሌለው ባሕር ወለል ላይ ዛጎል ለበስ የባሕር እንስሳትን ይለቅማሉ፤ በየመሃሉ ግልገላቸውን ይዘው በረዶ ላይ ያርፋሉ። በረዶው ወደ ጥልቁ ባሕር ሲሸሽ ወለሉ ይርቃቸዋል። ያኔ ያላቸው አማራጭ መሬት ነው። እዚያ ደግሞ አውሮፕላን ወይም ድብ ካስደነገጣቸው ሁሉም በአንዴ ወደ ውሃ ይተማሉ። የሚረገጡት ግልገሎቹ ናቸው።

«ለሲሎች ዋናው የበረዶው ስፋት ነው»

ስፋቱ ብቻ አይበቃም። ሪንግድ ሲል የሚባለው ዝርያ የሚወልደው በባሕር በረዶው ላይ በተከመረው አመዳይ (ከሰማይ በሚወርደው ለስላሳ በረዶ) ውስጥ ዋሻ ቆፍሮ ነው። የግልገሉ ነጭ ጸጉር ከራሰ አያሞቅም። አመዳዩ ሳስቶ ወይም ዝናብ ቀድሞ መጥቶ ጣራው ከተደረመሰ፣ በረዶው የቱንም ያህል ቢሰፋ ግልገሉ ለብርድም ለድብም ይጋለጣል።

«ለዓሣ ነባሪዎችማ ይመቻቸዋል»

ለአንዳንዶቹ፣ እስካሁን፣ አዎ። በአላስካ በኩል ያሉት ቦውሄድ የሚባሉት ዓሣ ነባሪዎች ክፍት ባሕር ሲሰፋ ምግብ በዝቶላቸዋል። ቁጥራቸው ያገገመው ግን በዋናነት የንግድ አደኑ ስለቆመ ነው። ናርዋል የሚባለው ባለ ረጅም ጥርስ ዓሣ ነባሪ ግን ሌላ ነው። ኦርካ (ገዳይ ዓሣ ነባሪ የሚባለው አዳኝ) ሲመጣበት በረዶ መካከል ይሸሸግ ነበር፤ አሁን ኦርካዎች ቀድሞ ያልደረሱበት ይገባሉ። ግሪንላንድ ውስጥ ከመረብ የተለቀቁ ናርዋሎች ሲጠኑ፣ በድንጋጤ እየሸሹ እያለ ልባቸው በደቂቃ 3 ወይም 4 ጊዜ ብቻ ይመታ ነበር። ይህም ብዙ ጉልበት እያወጡ ለሰውነታቸው የሚደርሰው ኦክስጅን ያንሳል ማለት ነው።

«ድቦች ሁሉ እያለቁ ነው» ወይም «ሁሉም ደህና ናቸው»

ሁለቱም አያስኬድም። በካናዳ በምዕራብ ሀድሰን ቤይ በ1987 ወደ 1,200 ይጠጉ ነበር፤ በ2021 ግምቱ 618 ሆኗል። በአላስካና በሩሲያ መካከል ባለው፣ በረዶ እየቀነሰበት በሄደው በቹክቺ ባሕር ግን ድቦቹ ለዓመታት ወፍረው ታይተዋል። ባሕሩ ጥልቀት የለውም፤ ምግብም ሞልቶበታል። ጎረቤቶቻቸው የደቡብ ቦፎርት ድቦች በ2000ዎቹ በእጅጉ ቀንሰዋል።