ሳቲ ምንድን ነው? ሐሳብን ማቆም ወይስ ልብ ማለት?

ሳቲ የቴራቫዳ ቡድሂዝም ጥንታዊ መጻሕፍት በተጻፉበት በፓሊ ቋንቋ መነሻ ትርጉሙ ማስታወስ ነው። በሜዲቴሽን ጊዜ የሚታወሰው ግን ያለፈ ነገር ሳይሆን አሁን ያለው ነው፦ እየተነፈስኩ ነው፣ እግሬ ደንዝዟል፣ ተናድጃለሁ። ማስታወስና ማስተዋል በአማርኛ ለጆሮ ይቀራረባሉ፤ ሳቲ ሁለቱንም ይይዛል። «ልብ ማለት» ብንለውም ብዙ አንስትም።

ጀማሪ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ሐሳቤን እንዴት ላቁመው?» ብሎ ነው። ማቆም አይጠበቅበትም። ወንበር ላይም ቢሆን ጀርባውን ቀጥ አድርጎ ይቀመጥና ትንፋሹን አፍንጫው ወይም ሆዱ ላይ ይከታተል፤ ከአንዱ ወደ ሌላው መቀያየር ግን አይበጅም። ለመነሻ 10 ደቂቃ ይበቃል። ባስወጣ ቁጥር አንድ፣ ሁለት እያለ እስከ 10 ይቆጥርና እንደገና ከ1 ይጀምራል። በ5ኛው ክፍለ ዘመን የቴራቫዳው ሊቅ ቡድሃጎሳ ያዘጋጀው ቪሱዲማጋ የተባለ የሜዲቴሽን መመሪያ ቆጠራው ከ5 እንዳያንስ፣ ከ10ም እንዳያልፍ ይመክራል፤ ካጠረ አእምሮ ቦታው ጠብቦበት ይቅበጠበጣል፣ ከረዘመ ደግሞ ትንፋሹን ትቶ ቁጥሩን ይይዛል።

አራት ላይ ሲደርስ ያላለቀ ሥራ ትዝ ይለዋል፤ ከሥራው አለቃው፣ ከአለቃው የትናንቱ ንግግር ይመጣል። ቆጠራው ጠፍቷል፣ ወይም ሳያውቀው 17 ገብቷል። ከዚያ ድንገት «ለካ ሄጃለሁ!» የሚልባት ቅጽበት አለች። ሳቲ እሷ ናት። ብዙ ሰው ግን እዚህችው ላይ ራሱን ይወቅሳል፤ ወቀሳውም ሌላ ሐሳብ ሆኖ ይዞት ይነጉዳል። በልቡ «ማሰብ» ብሎ ሰይሞ ወደ 1 መመለስ ይበቃዋል። ይህን የመሰየም ዘዴ በሰፊው ያሰራጩት የበርማው መነኩሴ ማሃሲ ሳያዳው (1904–1982) ናቸው፦ ሆድ ሲነሳ «መነሳት»፣ ሲወርድ «መውረድ»።

ሌላው ችግር ትንፋሽ ሲያዩት አለመለቀቁ ነው። ሰውየው ሳያስበው ይስበዋል፣ ይገፋዋል፣ ደረቱን ይጨንቀዋል። ያኔ የሚወጣውን ብቻ ይከታተል፤ የሚገባው በራሱ ጊዜ ይምጣ። እንቅልፍ ሲጫነው ዓይኑን ይክፈት፣ ካልሆነ ተነስቶ ይራመድ። ጉልበቱን የሚወጋ ሕመም ከተሰማው ይንቀሳቀስ፤ ጀግንነት እዚህ ትርፍ የለውም።

ቀልብ መሰብሰብ ሌላ ነው፤ ሳማዲ ይባላል፣ አንድ ነገር ላይ መርጋት ነው። ሳቲ ግን ቀልብ ሲበተንም መበተኑን ያውቃል።

«ታዲያ ይህን ሁሉ የሚያውቀው ማን ነው?» ጥንታዊዎቹ የቡድሃ ስብከቶች በውስጣችን የተቀመጠ አንድ ቋሚ አዋቂ አያስቀምጡም። ዓይንና መልክ ሲገናኙ ማየት ይነሳል፣ ጆሮና ድምፅ ሲገናኙ መስማት፤ አእምሮን ጨምሮ የማወቅ ዓይነቶች እንዲህ ስድስት ናቸው። ምሳሌውም እሳት ነው፦ በእንጨት ሲነድ የእንጨት እሳት፣ በሣር ሲነድ የሣር እሳት ይባላል፤ ማወቅም እንዲሁ በተነሳበት ነገር ይሰየማል። ዞግቼን የተባለው የቲቤት ቡድሂዝም ትምህርት በበኩሉ ሪግፓ ስለሚለው፣ በጥረት ስለማይገኝ ንቃት ያስተምራል፤ በዚህ ላይ የቡድሂዝም ቅርንጫፎች አይስማሙም። ተቀምጦ ለሚፈትሽ ሰው ግን ጥያቄው ተግባራዊ ነው። ድምፅ ሲሰማ ሰሚውን ይፈልገው። ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ከዓይኑ ኋላ ያለ መጨናነቅ ወይም የራሱ ፊት ምስል ነው፤ እነሱም ራሳቸው የሚታወቁ ነገሮች እንጂ አዋቂው አይደሉም።