ፓስወርድ፦ ሳጥኑና የመቀነቱ ቁልፍ

የኮምፒውተር ፓስወርድ ዕድሜው ከስልሳ ዓመት በላይ ነው። የተወለደው አሜሪካ፣ ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ፈርናንዶ ኮርባቶና ባልደረቦቹ ሲቲኤስኤስ የሚባል ሥርዓት ሠሩ። አንድን ትልቅ ኮምፒውተር ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ የሚጠቀምበት ሥርዓት ነበር። ሁሉም የየራሱ ፋይል ስላለው የአንዱን ከሌላው የሚጠብቅ ነገር አስፈለገ። ለየሰዉ የሚስጥር ቃል ተሰጠ።

ስርቆቱም ብዙ አልቆየም። በ1962 አላን ሼር የተባለ የዶክትሬት ተማሪ በሳምንት የተመደበለት 4 ሰዓት አልበቃው አለ። የፓስወርዶቹን ፋይል አትምልኝ ብሎ ማሽኑን አዘዘ፤ ማሽኑም አተመለት። ከዚያ በሰው ስም እየገባ ሥራውን ቀጠለ። ይህን ያወራው ራሱ ነው፣ ከብዙ ዓመታት በኋላ። በ1966 ደግሞ የባሰ መጣ። ሁለት ፋይሎች ተምታቱና ኮምፒውተሩ ለገባው ሰው ሁሉ በሰላምታው ፋንታ የሁሉንም ፓስወርድ ያሳይ ጀመር።

የችግሩ ሥር ፓስወርዱ እንዳለ መቀመጡ ነበር። መፍትሔው ሃሽ ይባላል። ቡናን አስቡት። አንዴ ከተወቀጠ ወደ ፍሬው አይመለስም። ድረ ገጹ የሚያስቀምጠው የተወቀጠውን ነው። ስትገቡ የጻፋችሁትን እንደገና ወቅጦ ያስተያያል። ግን ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ፓስወርድ ካላቸው የተወቀጠውም አንድ ይሆናል። ስለዚህ ከመወቀጡ በፊት ለየሰዉ የተለየ ነገር ጣል ይደረግበታል። ባለሙያዎቹ ይህንን «ጨው» ይሉታል። ቡናውን በጨው ለሚጠጣ ሰው ስሙ እንግዳ አይሆንም። ሮበርት ሞሪስና ኬን ቶምፕሰን ይህን ዩኒክስ የተባለ የኮምፒውተር ሥርዓት አሠራር በ1979 ጽፈው አስነብበዋል።

ጽሑፉን ሁሉም አላነበበውም መሰል። በ2009 ሮክዩ ከተባለ ኩባንያ 32 ሚሊዮን ፓስወርድ ወጣ፤ አንዱም አልተወቀጠም። በብዛት የተገኘው 123456 ነበር። በ2012 ከሊንክድኢን የተሰረቁት ደግሞ ተወቅጠዋል፣ ግን ጨው የላቸውም። እናንተ ምንም ባታጠፉ እንኳ ፓስወርዳችሁ በሌላ ሰው ጥፋት ሊወጣ ይችላል ማለት ነው። ሌቦቹ ኢሜይሉንና ፓስወርዱን ይዘው በየድረ ገጹ ይሞክሩታል። አንዱን ፓስወርድ በየቦታው የሚጠቀም ሰው የሚያዘው እዚህ ጋ ነው። የእናንተ ኢሜይል ወጥቶ እንደሆነ ለማየት ትሮይ ሃንት የተባለ አውስትራሊያዊ በ2013 የከፈተው «ሃቭ አይ ቢን ፖውንድ» የሚባል ድረ ገጽ አለ። በነፃ ነው።

ለዓመታት የተነገረን ምክርም ችግር ነበረበት። ትልቅ ፊደል፣ ቁጥር፣ ምልክት ቀላቅሉ፣ ቶሎ ቶሎ ቀይሩ ይባል ነበር። ምክሩን በ2003 ለአሜሪካ የደረጃዎች ተቋም የጻፈው ቢል በር ነው። ሰው ምን አደረገ? የልጁን ስም ጻፈ፣ 1 ጨመረ፣ ቃለ አጋኖ ደነቀረ። ቀይር ሲባል 1ን 2 አደረጋት። በር ራሱ በ2017 ተጸጽቻለሁ ብሏል። ተቋሙም በዚያው ዓመት መመሪያውን ለወጠ። ርዝመት ይሻላል፣ መውጣቱ ካልታወቀ በቀር በየጊዜው አታስቀይሩ አለ። በየሦስት ወሩ ቀይሩ የሚል መሥሪያ ቤት ግን ዛሬም አይጠፋም።

ለርዝመት ጥሩው ዘዴ ዝምድና የሌላቸውን ቃላት መደርደር ነው። አርኖልድ ራይንሆልድ በ1995 ይህን በዳይስ እንዲሠራ አደረገው። 7,776 ቃላት ያሉበት ዝርዝር አለ፤ ዳይሱ የመራውን ስድስት ቃል ትወስዳላችሁ። በአማርኛም ይሆናል፦ ሙቀጫ፣ ባቡር፣ ሎሚ፣ ዳንቴል፣ ጉም፣ መሰላል። ተረትና ምሳሌ ወይም የዘፈን ግጥም ግን አይሆንም፤ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ሌባም ይሞክረዋል። የእኛ ልዩ ጣጣ ፊደሉ ነው። ፓስወርድ በግዕዝ ፊደል የማይቀበል ድረ ገጽ አለ። ቢቀበልም ሌላ ኮምፒውተር ላይ የአማርኛ ኪቦርድ ከሌለ ውጭ ቀራችሁ። በላቲን ስትጽፉት ደግሞ «ፀሐይ» ዛሬ በአንድ ፊደል፣ ነገ በሁለት ትጀምራለች። አንድ አጻጻፍ መርጣችሁ እሱን ሙጭጭ በሉ።

አሁን ዋናው፣ የት ይቀመጥ? ደብተር ላይ መጻፍ እንደ ነውር ይወራል። እኔ አይመስለኝም። ሌላ አህጉር ላይ የተቀመጠ ሌባ የቤታችሁን ኮመዲኖ መክፈት አይችልም። ለአንድ አዛውንት ቤት የሚቀመጥ ደብተር በየቦታው ከሚደጋገም ፓስወርድ በብዙ ይሻላል። መጥፎው የቢሮ ስክሪን ላይ የሚለጠፈው ወረቀት ነው። የስልክ ኖት፣ «ፓስወርድ» የሚል ስም የተሰጠው ኤክሴል፣ ቴሌግራም ሴቭድ ሜሴጅ ላይ ለራስ መላክም እንደዚያው። ቴሌግራሙ ሲጠለፍ ሁሉም አብሮ ይሄዳል።

ብራውዘሩ «ሴቭ ላድርገው?» ሲል በራስ ኮምፒውተር እሺ ማለት ይቻላል፣ ኮምፒውተሩ ራሱ የሚቆለፍ ከሆነ። ኢንተርኔት ካፌና የጋራ ማሽን ላይ በፍጹም። እኔ አንድ ጊዜ የድሮ ላፕቶፔን ሳላጸዳ ሸጬ፣ ገዢው በማግስቱ ደውሎ «ወንድሜ፣ ኢሜይልህ ክፍት ነው» ብሎኛል። ደግ ሰው ነበር።

ከሁሉ የሚሻለው ፓስወርድ ማኔጀር ነው፤ ፓስወርዶቻችሁን ሁሉ ቆልፎ የሚይዝ ፕሮግራም። እናቶቻችን ይህን ያውቁታል። ወርቁ፣ ሰነዱ፣ የክት ልብሱ ሳጥን ውስጥ ይቆለፋል፣ ቁልፉ መቀነት ውስጥ ይቋጠራል። ማኔጀሩ ሳጥኑ ነው፤ የምትሸመድዱት የመቀነቱን ቁልፍ፣ ማስተር ፓስወርዱን ብቻ። የቀረውን እሱ ይፈጥራል፣ እሱ ይሞላል። ብሩስ ሽናየር ፓስወርድ ሴፍን በ1997 አወጣ። ኪፓስ በ2003፣ ቢትዋርደን በ2016 መጡ። ሌሎችም አሉ፣ ግን በዶላር የሚከፈልበትን ከአዲስ አበባ ሆኖ መክፈል ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ኪፓስ ነፃ ነው፣ ኢንተርኔትም አይፈልግም። ሳጥኑ እናንተ ኮምፒውተር ላይ ያለ አንድ ፋይል ነው። ፋይሉ ከጠፋ ግን ሁሉም ጠፋ፤ ኮፒው ፍላሽ ላይ ይኑር። ቢትዋርደን ስልክና ኮምፒውተሩን ያገናኛል፣ ለአንድ ሰው የሚበቃ ነፃ አገልግሎት አለው። ሌላም ጥቅም አለ። በመልክ ባንካችሁን የሚመስል የውሸት ድረ ገጽ ዓይናችሁን ቢያታልል፣ ማኔጀሩ አድራሻው ስላልገጠመለት አይሞላም።

ሳጥንም ይሰረቃል። በ2022 ላስትፓስ ከተባለው ማኔጀር የደንበኞች ሳጥን እንደተቆለፈ ተወሰደ። የድረ ገጾቹ አድራሻ ደግሞ ጭራሽ አልተቆለፈም ነበር። ሌባው ሳጥኑን ቤቱ ወስዶ እስኪከፈት መሞከር ይችላል። ረጅም ማስተር ፓስወርድ ያለው ሰው እንቅልፉን ተኛ፣ አጭር ያለው ሁሉንም ሲቀይር ከረመ።

ከፓስወርዱ ላይ ሁለተኛ መቆለፊያ ይጨመራል። በኤስኤምኤስ የሚመጣው ኮድ ከምንም ይሻላል፣ ግን ሲሙን ተከትሎ ነው የሚሄደው። ዱባይ ወይም ዋሽንግተን የገባ ሰው የአገር ቤት ሲሙ ከሌለው ኢሜይሉ ደጃፍ ላይ ይቀራል። ብዙ ጊዜ ያልሠራ ቁጥር ደግሞ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል። ኮድ የሚያወጣ አውቴንቲኬተር አፕ ኔትወርክም ሲምም አይፈልግም፤ ከጉዞ በፊት ወደ እሱ መቀየር ነው። ቴሌግራም ላይ ደግሞ «በስህተት ወደ አንተ ኮድ ልኬ ነው፣ ንገረኝ» የሚል ጓደኛ ከመጣ ጓደኛችሁ አይደለም። የጓደኛችሁ አካውንት ተጠልፏል። የቴሌግራምን ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ከሴቲንግ መክፈት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ፓስኪ የሚባለውም እየመጣ ነው። አፕል፣ ጎግልና ማይክሮሶፍት በ2022 አብረን እንገፋበታለን ብለዋል። የሚጻፍ ቃል የለም፤ ስልኩ በጣት አሻራ ወይም በፊት ይከፍትላችኋል።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ፦ ባለቤቱ ቢታመም ወይም ቢሞትስ? ጎግል ከ2013 ጀምሮ አካውንቱ ዝም ሲል ለመረጣችሁት ሰው የሚያሳውቅበት መንገድ አለው። አፕልም በ2021 ወራሽ ማስመዝገብ ፈቀደ። የወረቀቱ መንገድ ግን ዛሬም ይሠራል። ማስተር ፓስወርዱንና ስልኩ ቢጠፋ የሚያስገቡትን የመጠባበቂያ ኮዶች ጽፎ፣ ፖስታ ውስጥ አሽጎ፣ ከቤት ካርታውና ከልደት ሰርተፍኬቱ ጋር ማስቀመጥ። የእኔም ፖስታ አለ። ባለቤቴ ታውቀዋለች፣ ለእናንተ ግን አልነግራችሁም።