ቴርሞስታቱን ወደ ቦታው መልሱት፦ ስለ አሮጌ ቪትዝ የሚወሩ ስህተቶችና እውነታው

አሮጌ ቶዮታ ቪትዝ ያለው ሰው ዛሬ «ሸጬ የተሻለ ልግዛ» ቢል አይቀለውም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ዋጋ ሰቀለው። በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ተከለከለ። ስለዚህ በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1999 እስከ 2005 የተመረተችው የመጀመሪያዋ ቪትዝ ገና ብዙ ዓመት ትነዳለች። ትችላለችም። ጠንካራ መኪና ናት። አብዛኛውን ጊዜ የሚጎዳት ዕድሜዋ ሳይሆን ባለቤቷ የሰማው የተሳሳተ ምክር ነው።

መካኒክ ነኝ። እነዚህን ምክሮች በየሳምንቱ ጋራዥ ውስጥ እሰማለሁ። ትንንሾቹን ቶሎ ቶሎ አልፋቸዋለሁ። አንዱ ላይ ግን እቆያለሁ፤ ብዙ ደህና ሞተር ሲያበላሽ አይቻለሁና።

«ታይሚንግ ቺንጋው ጊዜው ደርሷል፣ ይቀየር።»

ታይሚንግ ቺንጋ የቫልቮቹን መክፈቻና መዝጊያ ከሞተሩ ዙር ጋር የሚያስተባብር ቀበቶ ነው። ቪትዝ የላትም። ባለ 1000፣ ባለ 1300ም ሆነ ባለ 1500 ሲሲዋ የምትሠራው በካቴና ነው። ካቴናው ዘይት በጊዜው ከተቀየረለት ረጅም ዕድሜ አለው። ከውጭ የሚታየው ቺንጋ ዲናሞና የመሳሰሉትን የሚያዞር ነው። እሱን ቀይሮ የታይሚንግ ሒሳብ የሚያስከፍላችሁ ካለ፣ ጋራዥ ቀይሩ።

«ጠዋት ጠዋት አሥር ደቂቃ በሚኒሞ (ጋዝ ሳይረገጥ) ትሙቅ።»

አንድ ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ ጋዝ ሳታበዙ ቀስ ብላችሁ ንዱ። ቆማ ከምትሞቀው ይልቅ እየሄደች ቶሎ ትሞቃለች።

«ሞተሩን ላቫጆ ወስደህ በፕሬሸር አሳጥበው።»

አታሳጥቡት። ውሃው ካንዴላው ላይ የተቀመጠው ኮይል ውስጥና የሽቦ ማገናኛዎች ውስጥ ይገባል። በማግስቱ መኪናዋ ሚስ እያደረገች ወደ እኔ ትመጣለች። በጨርቅና በብሩሽ ጥረጉት።

«የሞተር ምልክት መብራቷ ሁሌም ይበራል፣ ችግር የለውም።»

ችግር አለው። መኪናዋ ያመማትን እየነገረቻችሁ ነው። ባትሪ ነቅሎ መብራቱን ማጥፋት ጥገና አይደለም።

«አሮጌ ሞተር ወፍራም ዘይት ይወዳል።»

ይቺ ትንሽ ማብራሪያ ትፈልጋለች። ብዙ ሰው ሞተሩ ሳይነካ፣ ዘይት ሳይበላ፣ እንዲሁ መኪናዋ አሮጌ ስለሆነች ብቻ 20ደብልዩ-50 ያስሞላል። ቪትዝ የተሠራችው ለቀጭን ዘይት ነው፤ 5ደብልዩ-30 እና የመሳሰለው። ሞተሯ የቫልቮቹን የመክፈቻና የመዝጊያ ጊዜ የሚያስተካክለው በዘይት ግፊት ነው። ዘይቱም የሚያልፈው በጠባብ ቀዳዳዎች ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ የአዲስ አበባ ጠዋት ምን ያህል እንደሚቀዘቅዝ ታውቃላችሁ። በዚያ ብርድ ወፍራም ዘይት ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ራስ) ላይ እስኪደርስ ጊዜ ይወስድበታል። ካቴናውም ቫልቮቹን የሚከፍተው ካምሻፍትም እስከዚያ በደረቁ ይፈጫሉ። ሞተሩ በእርግጥ ዘይት የሚበላ ከሆነ አንድ ደረጃ ወፈር ያለ መጠቀም ይቻላል። ግን ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ያለቀ ሞተር በዘይት ውፍረት አይድንም። ገንዘብ ካጠራችሁ ውድ ዘይት ገዝታችሁ ከማቆየት መካከለኛ ዘይት ገዝታችሁ በጊዜው ቀይሩ። ፊልተሩንም አብራችሁ።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ።

«ቴርሞስታት ለብርድ አገር ነው፤ አውጥተህ ጣለው።»

ይህን የማይል ሰፈር የለም። አንዳንዱ መካኒክ መኪናዋ ምንም ሳትሆን፣ ለሰርቪስ ብቻ ገብታ፣ «ወደፊት እንዳታስቸግርህ» ብሎ ቴርሞስታቱን አውጥቶ ይሰጣችኋል። ባለቤቱም አመስግኖ ይሄዳል።

ቴርሞስታት ማለት ትንሽ በር ነው። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ተዘግቶ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ ያደርጋል። 82 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ መከፈት ይጀምራል። ሥራው ማቀዝቀዝ አይደለም። ሞተሩ በትክክለኛው ሙቀት እንዲሠራ መጠበቅ ነው። የአዲስ አበባ አየር ቢሞቅ 25 ዲግሪ ነው። ሞተሩ የሚፈልገው ከ80 በላይ ነው። «አገራችን ሞቃት ነው» የሚለው ክርክር እዚህ ላይ ያልቃል።

በሩ ሲወጣ ምን ይሆናል? ሞተሩ ለመሞቅ ብዙ ጊዜ ይወስድበታል፤ አጭር መንገድ ላይ ጭራሽ አይሞቅም። የሞተሩ ኮምፒዩተር የሙቀት ሴንሰሩን እያነበበ «ገና ብርድ ላይ ነኝ» ብሎ ያምናል። ስለዚህ ነዳጅ ይጨምራል። ሚኒሞው ከፍ ይላል። ብዙዎቹ አውቶማቲክ ካምቢዮዎች ደግሞ ሞተሩ እስኪሞቅ የመጨረሻውን ማርሽ አያስገቡም። ያ ሁሉ ነዳጅ ነው። ያልተቃጠለው ቤንዚን የሲሊንደሩን ግድግዳ ዘይት ያጥባል፤ ፋሻውም ያልቃል።

አንዲት መምህርት ደንበኛዬ አዲስ አበባ ውስጥ ከአያት ሜክሲኮ ትመላለሳለች። መኪናዋ ነዳጅ ጨረሰችኝ ብላ መጣች። ከዚያ በፊት ሌላ ጋራዥ የዘይት መሙያውን ክዳን ከፍተው ከሥሩ ማኪያቶ የሚመስል አረፋ አይተዋል። «ጓርኒሲዮን (ውሃና ዘይት እንዳይቀላቀሉ የሚያደርገው የቴስታታው ማሸጊያ) ተቃጥሏል፣ ቴስታታው ይውረድ» ብለው ዋጋ ነግረዋታል። ቴስታታው ጤነኛ ነበር። ሞተሩ ሁልጊዜ ብርድ ላይ ስለሚሠራ የአየሩ እርጥበት ሳይተን ክዳኑ ሥር ተጠራቅሞ ነው። የቴርሞስታቱን ቤት ስከፍት ባዶ ነው። አዲስ ገጠምኩ፣ ዘይት ቀየርኩ፣ ሄደች። ለቴርሞስታቱ የከፈለችው ከአንድ ፉል ታንክ ቤንዚን ያነሰ ነው። አረፋው አልተመለሰም።

እናንተም ቤታችሁ ሆናችሁ ማወቅ ትችላላችሁ። ብዙዎቹ ቪትዞች የሙቀት ጌጅ የላቸውም። በምትኩ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ሰማያዊ፣ ከልክ በላይ ሲሞቅ ቀይ መብራት ይበራል። ከቤት ወጥታችሁ ብዙ ነድታችሁም ሰማያዊው ካልጠፋ አብዛኛውን ጊዜ ቴርሞስታቱ ወይ የለም ወይ ተከፍቶ ቀርቷል።

«ታዲያ ስትሞቅ ሲያወጡላት ለምን ትድናለች?» ይሉኛል። ጥያቄው ትክክል ነው። ልማዱም የመጣው ከዚሁ ነው። ቴርሞስታት ሲበላሽ አንዳንዴ ተዘግቶ ይቀራል። ያኔ መኪና ሂት ታደርጋለች። መንገድ ላይ አውጥቶ ጥሎ ከተማ መድረስ ተገቢ ነው፤ እኔም አደርገዋለሁ። በማግስቱ ግን አዲስ ይገባል። የአንድ ቀን መላ የዘላለም ሕግ ሲሆን ነው ስህተት የሚሆነው። በዚያ ላይ በብዙ ሞተሮች ቴርሞስታቱ ሁለተኛ ሥራ አለው። ሲከፈት ውሃው ራዲያተር ሳይደርስ በአቋራጭ ወደ ሞተሩ የሚመለስበትን መንገድ ይዘጋል። ስታወጡት አቋራጩ ክፍት ይቀራል። ከባድ ዳገት ላይ ትኩስ ውሃ ሳይቀዘቅዝ ይመለሳል። እንዳትሞቅ ብላችሁ ያወጣችሁት ነገር ያሞቃታል።

አሮጌው ደህና መሆኑን ለማወቅ በክር አንጠልጥላችሁ ድስት ውስጥ አፍሉት። ቴርሞሜትር ካለ 82 አካባቢ መከፈት ሲጀምር ታያላችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ግን ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነ ሙሉ በሙሉ ባይከፈት «ተበላሽቷል» ብላችሁ አትጣሉት።

ይህ የ92 ዲግሪ ነገር ወደሚቀጥለው ስህተት ይወስደናል። «ኩላንት (የራዲያተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ለበረዶ አገር ነው፣ የቧንቧ ውሃ ይበቃል» ይባላል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ይዞ ነው ውሃው እንዳይፈላ የሚያደርገው። ጎማው ያረጀ ክዳን ግፊት አይዝም። ያኔ ውሃው 92 ላይ ይፈላል፤ ቬንትሌተሩ (የራዲያተሩ ማራገቢያ) እንኳ ገና ሊነሳ ሲል ማለት ነው። ደህና ክዳን ይህን ከ20 ዲግሪ በላይ ከፍ ያደርገዋል። ትንሽ ዕቃ ናት፤ ሰው ግን ራዲያተር ቀይሮ አሮጌውን ክዳን መልሶ ይደፍናል። ኩላንት ደግሞ የመፍያውን ሙቀት ከመጨመሩ ሌላ ዝገት ይከላከላል። ቴስታታው አልሙኒየም ነው። የቧንቧ ውሃ ይበላዋል፤ ጨዉም ራዲያተሩን ይደፍነዋል። ግማሽ ኩላንት፣ ግማሽ ዲስትልድ ውሃ አድርጉ። ጀሪካኑ ላይ ቀድሞ የተቀላቀለ ነው ከተባለ ምንም አትጨምሩበት። ቀለሙ ጥራቱን አይነግራችሁም፤ ማቅለሚያ ነው። ግን ዓይነቱን ሳታውቁ አንዱን በአንዱ ላይ አትደባልቁ። ሞተሩ ትኩስ እያለም ክዳኑን አትክፈቱ፤ ፊት ያቃጥላል።

ሦስተኛው የዚሁ ቤተሰብ «ቬንትሌተሩን ዳይሬክት አድርገው» ነው። ከቁልፍ ጋር ተያይዞ ሳያቋርጥ ይዞራል። የተበላሸው ሴንሰር ወይም ሪሌ ግን እንደተበላሸ ነው። የቬንትሌተሩ ሞተርም ቶሎ ይቃጠላል። ሲቃጠል የሚነግራችሁ ነገር የለም። መኪናዋ የምትሞቀው ሀይዌይ ላይ ከሆነ ደግሞ ጥፋቱን ከቬንትሌተሩ ሌላ ፈልጉ። በፍጥነት ስትሄዱ ነፋሱ ራሱ በቂ ነው።

ሦስቱንም አንድ ላይ ያደረገ ሰው አውቃለሁ። ቴርሞስታት የለም፣ የቧንቧ ውሃ፣ ዳይሬክት ቬንትሌተር። ክዳኑም ያረጀ። ከተማ ውስጥ ምንም አትሆንም ነበር። ባሕር ዳር ሊሄድ ከጎሐ ጽዮን ወርዶ አባይን ተሻገረና የደጀንን ዳገት ጀመረ። መሃል ላይ ቀይ መብራት በራ። «ደጀን ልድረስና አያታለሁ» አለ። ቴስታታው ተጣሞ ተጭና መጣች። ቶርኖ ቤት ሄዶ ፊቱ እስኪስተካከል፣ ጓርኒሲዮን እስኪገዛ፣ ሞተሩ እስኪገጠም ያወጣው ገንዘብ ያሳዝናል። ቀይ መብራት ሲበራ ዳር ይዛችሁ ቁሙ። ያኔውኑ።

አባይ በረሃ ካነሳን፦

«ቁልቁለት ላይ ኒውትራል ካደረግህ ነዳጅ ትቆጥባለህ።»

በካርቡሬተር ዘመን እውነትነት ነበረው። ቪትዝ ግን ኢንጀክሽን ናት። ማርሽ ውስጥ ሆናችሁ እግራችሁን ከጋዝ ስታነሱ ኮምፒዩተሩ ነዳጁን ይዘጋዋል፤ ጎማው ሞተሩን ያዞረዋል። ኒውትራል ካደረጋችሁ ሞተሩ እንዳይጠፋ ለሚኒሞ ነዳጅ ይረጫል። ማለትም ያባክናል። ከዚያ የሚከፋው መኪናዋን የሚይዛት ፍሬኑ ብቻ መሆኑ ነው። ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሸራ ሲግል፣ ያረጀ የፍሬን ዘይት ሲፈላ፣ ፔዳሉ ባዶ ይገባል። ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው። በከባድ ማርሽ ውረዱ።

«ማርሚታውን (የጭስ ማውጫውን ድምፅ ማፈኛ) አውጥተህ ክፍት ፊልተር ብትገጥም ጉልበት ታገኛለች።»

ባለ 1000 ሲሲዋ ከፋብሪካ ስትወጣ 70 ገደማ የፈረስ ጉልበት አላት። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ከዚህ ሩብ ያህሉ ይቀንሳል። ጥፋቱ የመኪናዋ አይደለም፤ ማርሚታም አይመልሰውም። ክፍት ፊልተር ከሞተሩ ላይ የሞቀ አየር ይስባል፤ የመንገዳችንንም አቧራ ያስገባል። የጠፋውን ጉልበት ፈልጉ፦ ንጹሕ የአየር ፊልተር፣ ደህና ካንዴላ፣ የታጠበ ትሮትል (አየር ወደ ሞተሩ የሚገባበት በር)፣ ይዞ የማይቀር ፍሬን፣ በልኩ የተነፋ ጎማ። መለዋወጫ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ወርዳችሁ ለማርሚታ የምታወጡት ገንዘብ ይህን ሁሉ ያሠራል።

«ሞላው ውስጥ ጎማ ከትተህ ከፍ አድርጋት።»

መሬት እንዳትነካ መፈለጋችሁ ይገባኛል። ግን የሞላው እንቅስቃሴ ይቀንሳል፣ የአክስሉ መገጣጠሚያ ያለ ልኩ ይታጠፋል፣ የመገጣጠሚያው መሸፈኛ ላስቲክ ይቀደዳል፣ የፊት ጎማም በአንድ በኩል ያልቃል። ያለቀ ሾክ አብዞርበርና የወረደ ሞላ ሲቀየር መኪናዋ ራሷ ወደ ትክክለኛው ከፍታዋ ትመለሳለች። በተረፈው ገንዘብ ከሞተሩ ሥር መከላከያ ላሜራ አስገጥሙ።

«የፊት መብራቱን በኤልኢዲ ቀይረው።»

የድሮው የመብራት ቤት የተሠራው ለሃሎጅን አምፖል ነው። ሌላ አምፖል ሲገባበት ብርሃኑ ይበተንና ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ዓይን ያጠፋል። ጨለማው ብዙ ጊዜ የሚመጣው ቢጫ ከሆነው ፕላስቲክ ነው። አስወልውሉት።

«መሪዋ ዱባይ የዞረ ነው፣ ምንም አይደለም።»

በቀኝ የነበረውን መሪ ወደ ግራ ያዞሩት ማለት ነው። ደህና የተሠራ አለ፤ ያልተሠራም አለ። መጥረጊያው አሁንም የሚጠርገው ለቀኝ ሾፌር ተብሎ ከሆነ፣ በክረምት በግራ በኩል ያለው የመስታወቱ ጥግ ሳይጠረግ ይቀርባችኋል። ኤርባጉ ደግሞ ሽፋኑ ብቻ ሊሆን ይችላል። ቁልፍ ስትከፍቱ የኤርባጉ ምልክት በርቶ መጥፋቱን እዩ። ጭራሽ የማይበራ ከሆነ የሆነ ሰው አምፖሉን ነቅሎት ሊሆን ይችላል፤ ዋጋ ከመነጋገራችሁ በፊት አስፈቱት።