«ሰላም ለከ ማርቆስ»፦ ክንፍ ያለው አንበሳ የያዘው ቃል

ከአንበሳ የሚጠበቀው ግሣት ነው። የጣሊያኗ የቬኒስ ከተማ ዓርማ የሆነው ክንፍ ያለው አንበሳ ግን መጽሐፍ ገልጦ ሰላምታ ያስነብባል፤ «ፓክስ ቲቢ ማርኬ፣ ኤቫንጄሊስታ ሜዉስ»። የላቲኑን ቃል በግእዝ ብንመልሰው «ሰላም ለከ ማርቆስ ወንጌላዊየ» ይሆናል፤ «ወንጌላዊዬ ማርቆስ ሆይ፣ ሰላም ለአንተ ይሁን» ማለት ነው። ቬኒስ ራሷን የቻለች ሪፐብሊክ በነበረችበት ዘመን፣ በገዛችበት ሁሉ፣ በሰንደቅ ዓላማ፣ በምሽግ በርና በአደባባይ ምሰሶ ላይ ይህ አውሬ ከነቃሉ ይታይ ነበር።

የአውሮፓ ዓርማዎች ከብዙ ፍጥረት በተቀላቀሉ አውሬዎች የተሞሉ ናቸው። ከወገቡ በላይ ንስር፣ ከወገቡ በታች አንበሳ የሆነው ግሪፈን አለ፤ ከፊት አንበሳ፣ ከኋላ ዓሣ የሆነም አለ። የቬኒሱ አንበሳ ግን ከተረት የመጣ አይደለም። ምንጩ የሕዝቅኤልና የዮሐንስ ራእይ ነው፤ ኅዳር 8 ቀን የአርባዕቱ እንስሳን በዓል ለሚያከብር አንባቢም እንግዳ ሊሆን አይችልም። ገጸ ሰብእ ለማቴዎስ፣ ገጸ ላሕም ለሉቃስ፣ ገጸ ንስር ለዮሐንስ ሲሰጥ ገጸ አንበሳ የማርቆስ ሆነ፤ ወንጌሉ የሚከፈተው በምድረ በዳ በሚጮኽ ድምፅ ነውና። በዮሐንስ ራእይ እያንዳንዱ እንስሳ ስድስት ክንፍ አለው፤ የቬኒስ ቀራጮች ለአንበሳቸው ያስቀሩለት ሁለቱን ብቻ ነው። የእኛው «ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» ደግሞ ሌላ አንበሳ ነው፤ ክንፍ የለውም፣ የሚይዘውም መስቀል ያለበት ዘንግ እንጂ መጽሐፍ አይደለም። ሆኖም ሁለቱ የቅርብ ጎረቤቶች ናቸው፤ አንዱ በዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 4፣ ሌላው በምዕራፍ 5 ይገኛሉ።

የቬኒሱ አንበሳ አቀማመጥም ይነበባል። ሲራመድ ከተሣለ ብዙውን ጊዜ የፊት እግሮቹ መሬት ላይ፣ የኋላዎቹ ውኃ ላይ ናቸው፤ የየብስም የባሕርም ገዥ ነኝ ማለቱ ነው። ፊት ለፊት ተቀምጦ ክንፎቹን በግራና በቀኝ ዘርግቶ ከታየ ደግሞ ቬኒሳውያን «ሞሌካ» ይሉታል፤ ቅርፊቱን ጥሎ ገላው የለሰለሰ ሸርጣን ማለት ነው። ዛሬም የጣሊያን የንግድ መርከቦች ሰንደቅ ላይ ያለው አንበሳ መጽሐፉን ገልጦ ይዟል፤ የባሕር ኃይሉ ግን መጽሐፉን ዘግቶ ሰይፍ ጨብጧል።

ቃሉ ከየት መጣ ቢባል፣ የቬኒስ ሰው የሚናገረው ታሪክ አለው። ማርቆስ በሰሜን ጣሊያኗ ከተማ በአኲሌያ ሰብኮ ሲመለስ ማዕበል ጀልባውን ወደ ጭቃማዎቹ ደሴቶች ገፋው፤ በዚያ መልአክ ተገልጦ «ሰላም ለአንተ ይሁን ማርቆስ፤ ሥጋህ በዚህ ያርፋል» አለው። በደሴቶቹ ላይ ቬኒስ ገና አልተቆረቆረችም ነበር። ይህ ትረካ በጽሑፍ የሰፈረው ግን ቬኒሳውያን የቅዱሱን ዐፅም ከወሰዱ ብዙ ዘመን በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ828 ሁለት የቬኒስ ነጋዴዎች ዐፅሙን ከእስክንድርያ አወጡት። በቅርጫት ውስጥ በጎመን ቅጠልና በዓሣማ ሥጋ ሸፈኑት፤ የጉምሩክ ሠራተኞቹም «ኸንዚር! ኸንዚር!» (በዐረብኛ «ዓሣማ! ዓሣማ!») ብለው ተጸይፈው አሳለፏቸው ይባላል። ይህ ትዕይንት በቅዱስ ማርቆስ ካቴድራል ግድግዳ ላይ በሞዛይክ ተሥሏል። ያፈሩበት አይመስልም፤ መልአኩ አስቀድሞ ፈቅዷልና።

እኔን የሚያሳዝነኝ ዐፅሙ ብቻ ሳይሆን ቃሉም አብሮ መሄዱ ነው። ከዚያ ስርቆት እጅግ የሚቀድመው የማርቆስ ገድል ይህንኑ ሰላምታ የሚያስቀምጠው በእስክንድርያ ወኅኒ ቤት ውስጥ ነው። አረማውያኑ በአንገቱ ገመድ አስገብተው በከተማይቱ መንገዶች ጎትተውት፣ ቆዳው ተልጦ፣ ሌሊቱን በታሰረበት ክርስቶስ ራሱ ተገልጦ «ሰላም ለአንተ ይሁን ወንጌላዊያችን ማርቆስ» አለው። በማግስቱ ዳግመኛ ተጎትቶ ሞተ። ስለዚህ ቃሉ በመጀመሪያ የማጽናኛ ቃል ነበር፤ ነገ ለሚሞት እስረኛ የተሰጠ። ቬኒስ ተናጋሪውን መልአክ፣ ወኅኒውን ጀልባ አደረገችና «ሥጋህ በዚህ ያርፋል» የሚል ሐረግ ቀጠለችበት። ማጽናኛው የይዞታ ማረጋገጫ ሆነ። አብዛኞቹ አንበሶች በመጽሐፋቸው የያዙት የመጀመሪያውን ሐረግ ብቻ ነው፤ ቬኒሳዊ ግን ሁለተኛውን በልቡ ይጨምርበታል።

እ.ኤ.አ. በ1797 ሪፐብሊኩ በናፖሊዮን እጅ ሲወድቅ አዲሶቹ ሹማምንት ጥቅሱ ተፍቆ ስለ ሰውና ስለ ዜጋ መብት የሚናገር ጽሑፍ እንዲተካ አዘዙ። አንድ ጀልባ ቀዛፊ ይህን አይቶ «አንበሳው በመጨረሻ የመጽሐፉን ገጽ ገለበጠ» አለ ይባላል። በአደባባዩ ምሰሶ ላይ የነበረውን የነሐስ አንበሳም ፈረንሳዮች ወደ ፓሪስ ወሰዱት፤ የተመለሰው በ1815 ነው፣ ያውም ተሰባብሮ። አስከሬን የወሰደች ከተማ አንበሳዋን ስትነጠቅ ምን እንደ ተሰማት ለመገመት አይከብድም።

ለእኛ ነገሩ ሩቅ አይደለም። ከአቡነ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ጀምሮ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ የኢትዮጵያ ጳጳሳት የሚሾሙት ከእስክንድርያው መንበረ ማርቆስ ነበር። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1968 ሮማዊው ፖፕ ጳውሎስ 6ኛ ከዐፅሙ ከፊሉን ለግብፁ ፓትርያርክ ለአቡነ ቄርሎስ 6ኛ መለሱ። በካይሮ አባሲያ አዲሱ የቅዱስ ማርቆስ ካቴድራል ሲመረቅ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በሥፍራው ነበሩ፤ ከ1,100 ዓመታት በላይ በባዕድ አገር የቆየው ዐፅምም በዚያው ካቴድራል ዐረፈ።