በጎንደር ምሁራዊ ምንጮችን መፈለግና መመዘን

በጎንደር ለጥናት የሚሆን ምንጭ የሚፈልግ ሰው ሁለት በር ያንኳኳል። አንደኛው በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍትና በኢንተርኔት በኩል ወደ ጆርናሎች የሚያስገባው ነው። ሁለተኛው በአድባራቱ ዕቃ ቤትና በሊቃውንቱ ጉባኤ በኩል ወደ ብራና መጻሕፍትና ወደ ቃል ትውፊት ያደርሳል። በሁለቱም በኩል ለተገኘው ነገር የሚቀርበው ጥያቄ ግን አንድ ነው፦ ይህን ያለው ማን ነው? መቼ አለው? እንዴትስ አወቀ?

የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ሆኖ ስለተጀመረ በጤናው ዘርፍ ስለ አካባቢው የተጻፈው ብዙ ነው። ለዚህ ዘርፍ የሕክምና ጽሑፎች መፈለጊያው ፐብሜድ ዋናው መነሻ ነው፤ ሙሉ ጽሑፉ በክፍያ የተዘጋ ሲሆን ደግሞ ሂናሪ አለ። ሂናሪ የዓለም ጤና ድርጅት ከአሳታሚዎች ጋር ተስማምቶ እ.ኤ.አ. በ2002 የጀመረው አገልግሎት ሲሆን፣ በተመዘገበ ተቋም በኩል የሚገባ ተጠቃሚ ጆርናሎችን ያለ ክፍያ ያነብባል። በአፍሪካ የሚታተሙ ጆርናሎችን አጆል የተባለው ድረ ገጽ በአንድ ቦታ ሰብስቧቸዋል። የጉግል የምሁራዊ ጽሑፎች መፈለጊያ የሆነው ጉግል ስኮላር ሁሉንም ይጠራርጋል፤ ግን ጥሩውን ከመጥፎው አይለይም።

በፍለጋ ጊዜ ከሚያሳስቱ ነገሮች አንዱ አጻጻፍ ነው። የከተማዋም ሆነ የነገሥታቷ ስም በላቲን ፊደል በብዙ መልክ ስለሚጻፍ በአንዱ ብቻ የፈለገ ሰው ሌላውን ያጣል። ኢትዮጵያዊ ጸሐፊም አንዳንዴ በራሱ ስም፣ አንዳንዴ በአባቱ ስም ይመዘገባል፤ በሁለቱም መሞከር ያስፈልጋል።

የታሪክ ተማሪ ችግር ከዚህ ይከብዳል፤ ምንጮቹ ተበታትነዋልና። አፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ወደ መቅደላ ካስወሰዷቸው መጻሕፍት ከፊሎቹ እ.ኤ.አ. በ1868 በእንግሊዝ ጦር ተዘርፈው ዛሬ ለንደን ውስጥ በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. ከ1931 እስከ 1933 አፍሪካን ያቋረጠው የፈረንሳዊው አጥኚ የማርሴል ግሪዮል ቡድን ደግሞ የአባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ጨምሮ ብዙ ቅርስ ወደ ፓሪስ አግዟል። የጎንደር ልጅ የጎንደርን መጽሐፍ ለማየት በባዕድ አገር ካታሎግ ውስጥ መፈለጉ ያሳዝናል፤ ቢሆንም ካታሎጉን ማወቅ ግዴታው ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ የተጀመረው የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ ቅጂዎቹ በአሜሪካ ሚኒሶታ ተቀምጠዋል፤ ብዙዎቹም በኢንተርኔት ተመዝግቦ ለገባ ሰው በነፃ ይታያሉ። የወንጌል መጻሕፍት ባዶ ገጾችና ኅዳጎች ልዩ ትኩረት ይገባቸዋል፤ የመሬት ስጦታ፣ ሽያጭና ውርስ የተመዘገበው እዚያ ነው።

ቀዳማዊ ምንጭ፣ ማለትም ነገሩን ባየ ሰው ወይም በዘመኑ የተጻፈ፣ መሆን ብቻውን ለምስክርነት አያበቃም። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ገብቶ የትግራዩን ኃያል መስፍን የራስ ሚካኤል ስሑልን ዘመን በዓይኑ አይቷል፤ መጽሐፉ የታተመው ግን በ1790 ነው። ሃያ ዓመት የቆየ ትዝታ ሊያሳስት ይችላል። በዚያም ላይ የዓባይን ምንጭ ያየሁ የመጀመሪያው አውሮፓዊ እኔ ነኝ ለማለት ሲል፣ የዓባይን ምንጭ ግሽ ዓባይን በ1618 ያየውን የስፔናዊውን ሚሲዮናዊ የጴድሮ ፓኤዝን ቃል አጣጥሏል። ስለ ቤተ መንግሥቱ ኑሮ የሚለው ጠቃሚ ነው፤ ራሱን የሚያገንንበት ቦታ ግን በሌላ ምንጭ ካልተደገፈ አይታመንም። የነገሥታቱ ዜና መዋዕሎችም የተጻፉት በንጉሡ ግቢ ነው፤ የተሸነፈውን ወገን ቃል እነሱ ውስጥ ማግኘት ይከብዳል።

የዘመን አቆጣጠርም ጥሩ መፈተኛ ነው። ጎንደር በአፄ ፋሲል የተቆረቆረችው እ.ኤ.አ. በ1636 ገደማ ነው ይባላል፤ በእኛ 1628 ዓ.ም. መሆኑ ነው። አንድ ጽሑፍ 1628ን እንደ ፈረንጆቹ ቆጥሮ ካለፈ ከተማዋን በአባታቸው በአፄ ሱስንዮስ ዘመን አስቆረቆረ ማለት ነው፤ ፋሲል የነገሡት እ.ኤ.አ. በ1632 ነውና። እንዲህ ያለ ስህተት የተገኘበት ጽሑፍ ሌላው ቀኑም መመርመር አለበት።

በጤና ጥናት የሚመዘነው በቅድሚያ ናሙናው ነው። በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፈው የካላ አዛር በሽታ በመተማና በሑመራ ቆላ በወቅታዊ ሠራተኞች ላይ ይበረታል፤ ጎንደር ሆስፒታል የደረሱ ታማሚዎች ላይ የተሠራ ጥናት ስለ እነዚያ ታማሚዎች እንጂ እቤት ስለቀሩት በቀጥታ አይናገርም። ቀጥሎ የታተመበት ጆርናል ይታያል። ገንዘብ ከፍሎ በቀናት ውስጥ የሚታተምበት ጆርናል የአቻ ግምገማ (በዘርፉ ባለሙያዎች የሚደረግ ምርመራ) አድርጌያለሁ ቢልም አይታመንም። ጽሑፉ ከታተመ በኋላ በጆርናሉ መሻር አለመሻሩን ማየትም ያስፈልጋል።

በቴሌግራም የሚዞር ፒዲኤፍ ሽፋኑና የኅትመት ገጹ ከጎደለ ዋቢ ሊሆን አይችልም። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሰጣቸው ዋቢዎችም በእውን የማይገኙ ጽሑፎች ሊሆኑ ስለሚችሉ፣ እያንዳንዱ በጆርናሉ ገጽ ላይ ተፈልጎ መገኘት አለበት። የማስተርስ መመረቂያ ጽሑፎች በብዙዎች ይናቃሉ፤ እኔ ግን ለአካባቢ ጥናት ከእነሱ የሚቀድም እምብዛም አላይም፤ ዘዴያቸውና ቃለ መጠይቃቸው ይመርመር እንጂ።

የቃል ምንጭ የራሱ ሥርዓት አለው። አቋቋምን (በመቋሚያና በጸናጽል የሚቀርበውን የቤተ ክርስቲያን ዜማ) ከጎንደር በዓታ ደብር መምህራን የሚያጠና ሰው መምህሩ ከማን እንደተማሩ፣ መምህራቸውም ከማን እንደተቀበሉ ይጠይቃል፤ የዜማው መስመር የሚታወቀው በዚህ ነው። የተናጋሪው ስምና ማዕረግ፣ ቀኑና ቦታው በፈቃዳቸው ይመዘገባል፤ ድምፁ ከተቀዳም ቅጂው ለራሱ ለደብሩ ጭምር ይሰጣል።