ዛቢያ፦ ከመጥረቢያ እጀታ እስከ መነጽር ወረቀት

ዛቢያ በገበሬው አፍ የመጥረቢያ ወይም የምሳር እጀታ ነው። በሳይንስ አማርኛ ግን አንድ ነገር የሚዞርበት ወይም ልኬት የሚነሳበት መስመር፣ ማለትም አክሲስ ማለት ነው። ከዘንግ ጋር መምታታት የለበትም። የባጃጅ አክስል ብረት ነው፤ ይጎብጣል፣ ይሰበራል። ዛቢያው በመሃሉ የሚያልፍ የሐሳብ መስመር ነው። እንዝርት ላይ ልዩነቱ ይታያል፦ የተሰካው ክብ ቀዳዳው ከመሃል ከሳተ ክብደቱ ከዛቢያው ወደ አንድ ጎን ያደላል፤ እንዝርቱ እየተንገዳገደ ይዞራል፣ ፈትሉም እኩል አይከርም።

ትልቁ ዛቢያ የምድር ነው፤ 23.4 ዲግሪ ያጋደለ። ባሕር ዳር በ11.6 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ላይ ስለሆነች፣ የዛቢያው ሰሜናዊ ጫፍ የሚያመለክተው የሰሜን ኮከብ ከጣና ውሃ በላይ በዚያው ልክ ከፍ ብሎ ይታያል፤ ክንድ ዘርግተው ቡጢ ቢጨብጡ ከአንድ ቡጢ ጥቂት ይበልጣል። ከተማዋ በሐይቁ ደቡብ ዳር መሆኗ ለዚህ ይመቻል፤ ሰሜኑ ገላጣ ውሃ ነው።

ከማጋደሉ የተነሳ ፀሐይ በዓመት ሁለቴ፣ ሚያዝያ 12 እና ነሐሴ 16 ገደማ፣ በከተማዋ አናት ላይ ትቆማለች። ነሐሴ ደመና ስለሚበዛበት ሚያዝያ ይሻላል። አንድ ሜትር ዘንግ በቱንቢ አስተካክሎ ማቆም ነው፤ ጥላው ይጠፋል። ሰዓቱ ግን 6 ሳይሆን ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ የአገሪቱ ሰዓት ከባሕር ዳር በስተምሥራቅ ባለ ኬንትሮስ ተቀምሯልና። በ6 ሰዓት ያየ 13 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥላ ያገኛል። ዘንጉ በ2 ዲግሪ ቢያጋድልም 3.5 ሴንቲ ሜትር ጥላ ይቀራል።

በጂኦሜትሪ የሲሜትሪ ዛቢያ አለ፤ ቅርጽን ሁለት ተመሳሳይ ግማሽ አድርጎ የሚከፍል መስመር ነው። በዘጌዋ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ክብ ቅርጽ በመሃሉ ስፍር ቁጥር የሌለው ዛቢያ ያልፋል፤ መቅደሱ ካሬ ነው ብለን ብንስል ግን አራት ብቻ ይኖረዋል። ግራፍ ላይ አግድምና ቋሚ ዛቢያዎች ዜሮ ላይ ይገናኛሉ። በሕክምና ሁለተኛው የአንገት አጥንት አክሲስ ይባላል፤ ራስ ግራና ቀኝ የሚዞረው በእሱ ላይ ነው። በፖለቲካ ደግሞ ሙሶሊኒ በ1936 እ.ኤ.አ. የሮምና የበርሊንን ወዳጅነት አክሲስ ብሎ ጠርቶታል።

ለብዙ ሰው ቅርቡ ግን የመነጽር ወረቀት ላይ ያለው ነው። አክሲስ ከ1 እስከ 180 ዲግሪ ይጻፋል፤ አስቲግማቲዝምን፣ ማለትም የዓይን ጉብጠት በሁሉም አቅጣጫ እኩል ባለመሆኑ የሚመጣውን ብዥታ፣ የሚያርመው የሲሊንደር ቁጥር በየት አቅጣጫ እንደሚቀመጥ ይናገራል። ሌንሱ 10 ዲግሪ ከዞረ የእርማቱ ሲሶ ይጠፋል፤ 30 ከዞረ ጥቅሙ ሁሉ ያልቃል። ክብ ፍሬም ውስጥ ሌንስ በቀላሉ ይዞራልና፣ ከተጠረገ በኋላ ፊደል ከደበዘዘ ቁጥሩ ተቀየረ ከማለት በፊት አክሲሱን ማስለካት ይቀድማል።