የሞተር «ጉልበት መጨመር» ምንድን ነው?

«ፖምፓውን ከፈት አድርግልኝና ጉልበት ይጨምር» የሚለውን ጥያቄ ከአሮጌ ፒክአፕ ባለቤቶች ሳልሰማ የማልፈው ሳምንት የለም። ፖምፓ የሚሉት ናፍጣውን እየለካ ወደ ሞተሩ የሚገፋውን ክፍል ነው። ሰሞኑን ደግሞ አንድ አስተያየት ሰጪ «ጥቁር ጭስ የማይተፋ የናፍጣ ሞተር ጉልበቱ ገና አልወጣም» እያለ በልበ ሙሉነት ሲያስተምር፣ ብዙዎችም ሲያመሰግኑት ተመለከትኩ። አባባሉ ነገሩን ገልብጦ የያዘ፣ ብዙ ጤነኛ ሞተርም ያስበላ በመሆኑ መልስ መስጠት ግድ ሆኖብኛል።

ሞተር ጉልበት የሚጨምረው የሚያቃጥለው ናፍጣ ሲበዛ ነው፤ እዚህ ድረስ ከአስተያየት ሰጪው ጋር አንለያይም። የምንለያየው ሞተሩ በሚያቃጥለውና ፖምፓው በሚረጨው መካከል ነው። አንድ ኪሎ ናፍጣ ተሟጦ እንዲቃጠል 14.5 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። በተግባር ግን ናፍጣውና አየሩ በዚያች ቅጽበት ውስጥ በደንብ ስለማይዋሃዱ፣ ጭስ እንዳይኖር ከ18 እስከ 20 ኪሎ አየር ያስፈልጋል። አየሩ ከዚህ ሲያንስ ከናፍጣው የተወሰነው ጥላሸት ሆኖ በማርሚታ (በጭስ ማውጫው) ይወጣል። ጥቁር ጭስ እንግዲህ አየር ማለቁን ይናገራል፤ ተከፍሎበት ሥራ ሳይሠራ የወጣ ናፍጣም ነው።

ነገሩን ከምድጃ የተሻለ የሚያስረዳ የለም። ምጣድ አልግል ሲል እንጨት በእንጨት ላይ ብንጠቀጥቅ ቤቱ በጭስ ይታፈናል እንጂ ምጣዱ አይግልም። ሙያ ያላት ሴት ጉልቻው ሥር የተከማቸውን አመድ ትጠርጋለች፣ የታጨቀውን ማገዶ ታሳሳለች፣ ከዚያ በኋላ እፍ ትላለች። አመድ የዘጋው ምድጃ በአቧራ የታፈነ የአየር ፊልትሮ ነው። በቀጭኑ የተፈለጠ ደረቅ እንጨት ናፍጣውን እንደ ጉም በትኖ የሚረጭ ኖዝል ሲሆን፣ ያልተፈለጠ እርጥብ ግንድ ደግሞ የሚያንጠባጥብ ኖዝል ነው። ምጣዱ ሳይግል የፈሰሰ ሊጥ ዓይን እንደማያወጣ ሁሉ፣ ጊዜውን ሳይጠብቅ የተረጨ ናፍጣም ሥራው ይበላሻል። የአንጥረኛው ወናፍስ? እርሱ አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው ቱርቦ ነው፤ ወናፍ ግን ብረቱን እስከ ማቅለጥ እንደሚደርስ አይዘነጋ።

በእኛ አገር ይህ ስህተት ይበልጥ የሚጎዳው በከፍታ ምክንያት ነው። ቱርቦ የሌላቸውን የሃይሉክስ 3ኤል እና 5ኤል ሞተሮች እንውሰድ። 5ኤል 2,986 ሲሲ ስለሆነ በሁለት ዙር 3 ሊትር ገደማ አየር ይስባል፤ በደቂቃ 2,000 ዙር ሲሽከረከር ቢበዛ 3,000 ሊትር ማለት ነው። ይህ አየር በባሕር ጠለል ላይ 3.6 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ 2,300 ሜትር ከፍታ ባላት አዲስ አበባ ግን በዚያው የሙቀት መጠን 2.7 ኪሎ ገደማ ብቻ ነው። ሩቡ የለም። በባሕር ጠለል ላይ 90 የፈረስ ጉልበት የሚሰጥ ሞተር እዚህ ያለ ጭስ ከ70 ብዙም አይዘልም። አንዳንድ ፖምፓ የአየሩ ግፊት ሲወርድ ናፍጣውን አብሮ የሚቀንስ የከፍታ ማስተካከያ ተሠርቶለታል፤ ይህን ክፍል «ጉልበት አፋኝ» ብለው ነቅለው የሚጥሉ መካኒኮች መኖራቸው እጅግ ያሳዝነኛል።

ታዲያ ናፍጣ ያስጨመረ ሰው «ለውጡን አይቻለሁ» ሲል እየዋሸ ነውን? አይደለም። ከፖምፓው ጀርባ ያለው ብሎን ሩብ ዙር ወደ ውስጥ ሲገባ፣ ፔዳሉ በተረገጠበት በየትኛውም ደረጃ የሚረጨው ናፍጣ ይጨምራል፤ ሞተሩ ሥራ ፈት ቆሞ እንኳ ዙሩ ከፍ ይላል። ስለዚህ ቀድሞ ግማሽ ፔዳል ላይ ይገኝ የነበረው ጉልበት አሁን ሩብ ላይ ይገኛል፤ አሽከርካሪውም መኪናው የቀለለ ይመስለዋል። ዳገት ላይ ፔዳሉ ወለል ሲነካ ግን አየሩ ያው የቀድሞው ስለሆነ፣ ትርፉ የሚወጣው በአብዛኛው በጭስና በሙቀት ነው።

የሙቀቱን መዘዝ ባለፈው ዓመት አንድ ሃይሉክስ ላይ በእጄ ዳስሼዋለሁ። ቴስታታውን (የሞተሩን ክዳን) ሳወርድ የሦስተኛው ፒስቶን ጠርዝ እንደ ጧፍ ቀልጦ፣ ጠብታው ከሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ነበር። አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚቀልጥ ብረት ነው። የፖምፓው ብሎን እስከ መጨረሻው ገብቶ ነበር፤ የአየር ፊልትሮውን ሳራግፈው ደግሞ ጭድና አቧራ ወረደ። ባለቤቱ መጀመሪያ ወደ ጋራዥ የሄደው «መኪናዬ ደከመ» ብሎ ነበር፤ ያደከመው ያ ፊልትሮ ነው።

በአነስተኛ ወጪ ጉልበት መጨመር ማለት እንግዲህ በቅድሚያ የጠፋውን መመለስ ነው። የአየርና የናፍጣ ፊልትሮ፣ የቫልቮላ ክፍተት፣ በመሞከሪያ የታየ ኖዝል፣ ሰዓት በሚመስል መለኪያ የተስተካከለ የፖምፓ ታይሚንግ (ናፍጣው የሚረጭበት ቅጽበት)። የነዳጅ ፔዳሉ ሽቦ ረዝሞ የፖምፓው ክንድ ሙሉ በሙሉ የማይከፈትባቸውን መኪኖች ቆጥሬ አልጨርሳቸውም፤ ይህን ማስተካከል ደቂቃዎችን ብቻ ይፈጃል። ከፋብሪካው ጎማ 8 በመቶ የሚተልቅ ጎማ ያሰሩም ሁሉንም ማርሽ በ8 በመቶ እንዳከበዱት ይወቁ። ኮምፕረሲዮን (ፒስቶኑ አየሩን የሚጨምቅበት ግፊት) ሳይለካ ግን በምንም ላይ ገንዘብ አይውጣ፤ ፋሻው (የፒስቶኑ ቀለበት) ያለቀ ሞተር የሚሻው ኦቨርሆል (ሙሉ እድሳት) ነው። የፖምፓ ሰው ስለሆንኩ ሳልናገር የማላልፈው አንድ ነገር አለ፦ ይህ ዓይነቱ ፖምፓ ውስጡን የሚያለሰልሰው በራሱ በናፍጣው ስለሆነ፣ ላምባ የተቀላቀለበት ናፍጣ የትኛውንም ጥገና ከንቱ ያደርገዋል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ እውነተኛ ጭማሪ የሚፈልግ ሰው መንገዱ ቱርቦ ነው፤ ርካሽ ግን አይደለም። አዲስ አበባ ላይ የመጀመሪያው 0.25 ባር ግፊት ከፍታው የወሰደብንን መመለሻ ሲሆን፣ ጭማሪው የሚጀምረው ከዚያ በላይ ነው። ለቱርቦ ተብለው ላልተሠሩ ሞተሮች ከ0.5 ባር በላይ እንዲወጣ አልመክርም፤ ናፍጣውም የሚጨመረው ይህ አየር ከገባ በኋላና በልኩ ነው። የቱርቦው የዘይት መመለሻ ቱቦ ወፍራምና ቁልቁል የሚወርድ ይሁን፤ ዳገት ጨርሶ የቆመ መኪናም ወዲያው አይጥፋ፣ ሁለት ደቂቃ ይሥራ። የጭስ ሙቀት መለኪያ ከቱርቦው በፊት፣ ጭሱ ከቴስታታው በሚወጣበት ላይ ይገጠም፤ ቁጥሩ ወደ 700 ዲግሪ ሲጠጋ እግርን ከነዳጁ አላልቶ ማርሽ መቀነስ ይገባል።